ከኋላ ሰው የማይቀመጥበት መኪና

ውድ ሩሀማ፣

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። ውልሽ ሊያልቅ እንደሆነ፣ እመቤትሽም እንድታድሺ እየለመነችሽ እንደሆነ ነግረሽኝ፣ መጨረሻ ላይ «እትዬ፣ ላድስ ወይስ ልምጣ? የቱ ይሻለኛል?» ብለሻል። ድምፅሽ ደህና ነው። ከጀርባሽ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

በስልክ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ስናወራ የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ማስረዳት እጀምራለሁ፣ አንቺ «እሺ እትዬ» ትያለሽ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ስለዚህ በወረቀት ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ስጨርስ ጎረቤታችን ጁሀራ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። እጄ ከአፌ ይልቅ ትዕግሥት አለው።

ከመልሴ በፊት ግን ስለ ሁለቱ መኪናዎች መጻፍ አለብኝ። ከሄድሽ ጀምሮ አንድም ቀን አላነሳናቸውም። አንቺ ዝም ያልሽው እኔን ላለማስቀየም ይመስለኛል። እኔ ዝም ያልኩት ግን ነገሩን ገና ሠርቼ ስላልጨረስኩት ነው። ለተማሪዎቼ ሳልጨርስ የሄድኩት ጥያቄ የለም፤ ይሄኛው ግን ብዙ ወስዶብኛል።

ከሻርጃ የመጣሽ ሰሞን ጎባ ብርዱ የጠናበት ወቅት ነበር። ሻንጣሽን እንኳ ሳትፈቺ «መጀመሪያ የምገዛው መኪና ነው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «መጀመሪያ ቤት ነው የሚገዛው» አልኩሽ።

«ቤትማ አለን እኮ እትዬ፤ የአባባ ቤት። ካፈሰሰ ቆርቆሮ እንለውጣለን።»

«መኪናም ያፈሳል» ስልሽ ሳቅሽ። ያን ጊዜ አልተከራከርኩሽም። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ አሳድገሽ፣ የሰው ቤት አጽድተሽ፣ የሰው መኪና ነድተሽ ያመጣሽው የራስሽ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ምርጫውን በደንብ እንሥራው» አልኩሽ። አንቺም እሺ አልሽ። እናታችን ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠርሽም ነበር፣ አባታችንም ቀኑን ሮቤ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ ነበር የሚውለው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔ «እንዲህ ይሁን» ስል «እሺ» ማለት ለምደሻል።

የቤንዚን መኪና ከውጭ ማስገባት ስለቆመ፣ ያገለገለው ሁሉ እንደ አዲስ ተወድዶ ነበር። በአካባቢያችን ለሽያጭ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንዱ እዚሁ ጎባ፣ የወይዘሮ ሠርከአዲስ ቮልስ ነው፤ ባለቤታቸው፣ የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ በሕይወት ሳሉ የሚነዷት፣ የወተት ቀለም ያላት፣ ከአንቺ ዕድሜ የምትበልጠው። ሌላው ሮቤ ነበር፤ የስንዴ ነጋዴው የጀይላን ቀይ የስፖርት መኪና፣ ሴሊካ። አዳማ ድረስ ሄዶ ነው ያመጣው። እንደ ነብር ተኝታ የምትሄድ መኪና ናት። ሮቤ ውስጥ ስታልፍ ባጃጆች ሳይቀሩ ቆመው ያዩዋት ነበር።

ጀይላን ተማሪዬ ነበር። በሩ ላይ ሲያየኝ ቁልፉን ከኋላው ደበቀ።

«ቲቸር! ያ አላህ! እርስዎ ሊያዩት ነው እንዴ የመጡት? እኔን በሂሳብ ጣሉኝ፣ አሁን ደግሞ መኪናዬን ሊጥሉት ነው?»

«የወደቅኸው ስላልሠራህ ነው» አልኩት።

«አሁንም አልሠራም፣ እነግዳለሁ» አለና ወደ አንቺ ዞሮ በኦሮምኛ «እህቴ» ብሎ ሰላም አለሽ። «አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ ኮ? ነይ፣ አንቺ ንጂው። ቲቸር ከፊት ይቀመጡ። ቀበቶውን ይሰሩ፣ ይህች ነገር ስትነሳ እንደ ሌላው አይደለችም።»

እሱ ደጁ ላይ ቀረ፤ ሁለታችን ወጣን። ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደውን አስፋልት ያዝሽ። ግራና ቀኝ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ነበር። ከከተማው እንደወጣሽ መስኮቱን አወረድሽ፣ ሻሽሽን ፈተሽ ጭንሽ ላይ ጣልሽው፣ ከዚያ ረገጥሽው። የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የሞተሩ መስሎኝ ነበር። የአንቺ ሳቅ ነው። ለሰው ብለሽ የምትስቂውን ሳቅ አውቀዋለሁ። ይኼ ግን ሌላ ነበር፤ ሕፃን ሳለሽ አባባ ከፍ አድርጎ ሲወረውርሽ የምትስቂው ዓይነት።

ሩሀማ፣ ያን ሳቅ ሰምቼ እኔ ምን አልኩሽ? «ቀስ በይ፣ ጉብታ አለ» ነው ያልኩሽ። አንቺም ቀስ አልሽ፤ ሆኖም የመኪናው ሆድ የፍጥነት መገደቢያውን ጉብታ ፋቀው። እኔ የያዝኩት እሱን ነው። «ሆዱ ይነካል» ብዬ በልቤ ጻፍኩ። ስንመለስም ለጀይላን መጀመሪያ የነገርኩት እሱን ነበር።

«ቲቸር፣ አስፋልት ላይ እኮ አይነካም» አለ።

«አስፋልቱ የት ድረስ ነው?»

«እ... ጎባ ድረስ።»

«ከጎባ በኋላስ? ሳነቴ ተራራ ቢወጣ? የሪራን ቁልቁለት ቢወርድ?»

«ሪራ በሴሊካ? ሪራ ለመውረድማ በቅሎ ልሽጥላችሁ!» አለ፤ አንቺም ሳቅሽ። እኔ ግን መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ ጎማው ሮቤ ይገኝ እንደሆነ፣ ቤንዚን ስንት እንደሚበላ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። እሱም ላቡን እየጠረገ መለሰልኝ። አንቺ በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሽ። ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ እያየሽ፣ «ከኋላ ሰው አይቀመጥበትም፣ አይደል?» አልሽው።

ጀይላን ደነገጠ፤ ሻጭ ነውና። «ወንበር አለው እኮ፤ ትንሽ ጠባብ ነው እንጂ። ልጅ ይቀመጥበታል፣ ሻንጣም...»

«አይ፣ ጥሩ ነው» አልሽው።

ይህን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ጥሩ ነው» ያልሽው እንዳያፍር ብለሽ መስሎኝ ነበር። እኔ በበኩሌ ከመኪናው ማርክ ቀነስኩ።

በማግስቱ ወይዘሮ ሠርከአዲስ ዘንድ ሄድን። ቮልሷን ግቢ ውስጥ በአቡጀዲ ሸፍነዋት ነበር። ሲገልጧት የሰው ፊት የሚገልጡ ይመስሉ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ውኃ አትፈልግም፣ በዚያ ብርድ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። መካኒኮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሯታል። በሯ ሁለት ነው፤ የሴሊካውም ሁለት ነው፤ ነገር ግን የፊቱ ወንበር ሲታጠፍ ከኋላ ሦስት ሰው ይገባል።

«ገዢ አጥቼ አይደለም ያቆየኋት» አሉ ወይዘሮ ሠርከአዲስ። «እሱ መንገድ ላይ ሰው አይቶ አልፎ አያውቅም። ስንቷን ምጥ የያዛት ሆስፒታል አድርሷል። ሰው የሚያሳፍር ሰው ይግዛት ብዬ ነው።»

አንቺ አቡጀዲውን ታጣጥፊ ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ። «እናሳፍራለን» አልኳቸው። እንባቸው መጣ፣ መረቁን። ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ የለም። ይህን አንቺም እኔም እናውቃለን። ያን ቀን ግን ለማን ቃል እንደገባሁ እንጂ በማን ስም እንደገባሁ አላሰብኩም።

ከምሳ በኋላ ቤታችን ተቀምጠን ውጤቱን ነገርኩሽ። ልክ የፈተና ወረቀት እንደማርም ነበር ያረምኳቸው፤ መንገድ፣ መለዋወጫ፣ ነዳጅ፣ የሚይዘው ሰው፣ ቢሸጥ የሚያወጣው። ቮልሷ በሁሉም በለጠች። ዛሬ ተመልሼ ባርመውም ያው ነው፤ አንድ ማርክ የሚቀየር የለም። አንቺ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እየጠቀለልሽ፣

«እትዬ፣ እኔ ግን ቀዩን ወድጄው ነበር» አልሽ።

«መውደድ መስፈርት አይደለም» አልኩሽ።

«እሺ እትዬ።»

ቮልሷን ገዛሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎባ ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም ደግሞ ስለ ደግነትሽ ነው የሚያወራው። መጀመሪያ የእድራችን ሰዎች መጡ፤ ለቀብር ርቀው የሚሄዱ አሮጊቶች ነበሩ። አደረስሻቸው። ቀጥሎ የጁሀራ እናት ታመሙ፣ ሆስፒታል አመላለስሻቸው። ለዚያራ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ጎረቤቶቻችን ስንቅና ምንጣፋቸውን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ካንቺ ጋር ሄዱ። ወደ ሮቤ ብቻሽን ልትሄጂ ስትወጪ እንኳ በራችን ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቅሽ ነበር። «ሩሀማ አለች እኮ» ይሉ ነበር። ሚኒባስ መጠበቅ የሚባል ነገር በሰፈራችን ቀረ።

አንድም ሰው አልመለስሽም። እንዴት ትመልሺ? በእኛ አገር መኪና ይዞ፣ በእግሩ የሚሄድ ጎረቤቱን አልፎ የሚሄድ ሰው ስሙ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እኔም ብሆን የሚያመኝን ጉልበቴን ይዤ ከፊት እቀመጥና ከኋላ የሚጫወቱትን እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር። «ሩሀሜ፣ ቀስ በይ፣ ወገቤን» ይላሉ። «ሩሀሜ፣ ያን ዘፈን ዝጊው፣ ከለቅሶ ነው የምንመጣ» ይላሉ። ትዘጊዋለሽ። «ሩሀሜ፣ እግረ መንገድሽን ወፍጮ ቤት» ይላሉ። ትታጠፊያለሽ። ቀስ በቀስ ሬዲዮውን መክፈት እንደተውሽ ያኔ አላስተዋልኩም። አሁን ነው የማስታውሰው።

ከዚያ ያ ከሰዓት መጣ። ዝናብ ዘንቦ አባርቶ ነበር። አንቺ ግቢ ውስጥ የቮልሷን የኋላ ወንበር አውጥተሽ ጭቃውን ታጥቢ ነበር። ዳንቴሌን ይዤ በረንዳው ላይ ነበርኩ።

«እትዬ፣ ልመለስ ነው» አልሽ፣ ቀና ሳትዪ።

«ወደየት?»

«ሻርጃ። እመቤቴ ደውላ ነበር። ቪዛውን ልካለች።»

መጀመሪያ የቀለድሽ መስሎኝ ነበር። «ምን ጎደለብሽ?» አልኩሽ። «ቤት አለሽ፣ መኪና አለሽ፣ ሰው ይወድሻል። እዚያ ሄደሽ የሰው ሹፌር ከምትሆኚ...»

«እዚህስ ምንድን ነኝ?» አልሽ። አልጮህሽም። ጨርቁን ጨምቀሽ ባልዲው አፍ ላይ አሰጣሽው። «እዚያስ ደመወዝ ይከፍሉኛል።»

ይህን ብለሽ ሳቅሽ፤ ለሰው የምትስቂውን ሳቅ ነው። ከዚያ እርጥቡ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ሳታቋርጪ ነገርሽኝ። እዚያ መንጃ ፈቃድ ያወጣሽው እነሱ ስለፈለጉ እንደሆነ። ጠዋት ልጆቹን፣ ከሰዓት እመቤትሽን፣ ማታ እንግዶቹን እንደምታመላልሺ። ያን ሁሉ ዓመት መሪ ይዘሽ አንድም ቀን የምትሄጂበትን አንቺ መርጠሽ እንደማታውቂ፤ ሁልጊዜ ከኋላሽ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ቶሎ» የሚል ድምፅ እንዳለ። አገሬ ስገባ ከኋላዬ ማንም የማይቀመጥበት መኪና እገዛለሁ ብለሽ ለራስሽ ቃል እንደገባሽ።

«ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር እትዬ» አልሽ። «አንድ ዓመት ብቻዬን ልነዳ፣ ከዚያ ሸጬ የፈለጋችሁትን ልገዛ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ቤንዚኑን ጠየቅሽ፣ ጎማውን ጠየቅሽ፣ ጀይላንን እስኪያልበው ጠየቅሽው። እኔን ለምን እንደምፈልገው አልጠየቅሽኝም።»

መልሴን አልጠበቅሽም። ወንበሩን መልሰሽ ገጠምሽው። በማግስቱ ሰው ቆሞ ሲጠብቅሽ ሄደሽ አደረስሽው፤ እስከምትሄጂበት ቀን ድረስም እንደዚያው።

አሁን ደግሞ አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ሴሊካውን ከጀይላን የገዛው አንድ የሮቤ ወጣት ጓደኞቹን ሊያሳይ ሳነቴ ወጣባት። ድንጋይ የዘይት መያዣዋን ቀደደው፣ ሞተሯ ያለ ዘይት ሄዶ ተቃጠለ። በጭነት መኪና ተጭና ወረደች። እስካሁን አንድ ጋራዥ ጥግ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች፤ ዕቃ የለም። ይህ ከሆነ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመኝ ነው። «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ብለው ነበር» ይሉኛል። ጀይላን ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሻጩ እኔ ነኝ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ልክ ነበሩ» አለኝ።

ልክ ነበርኩ። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የደከምኩለት ነገር እሱ ነው፤ ልክ መሆን። ግን ጀይላንን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ ቤቱ ጭው አለብኝ። ጁሀራ ከአጥሯ በላይ ታየኝ ነበር።

«ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ልክ ነበርሽ አለኝ።»

«ወላሂ፣ ልክ መሆንሽን ሮቤም ጎባም ያውቃል» አለች። «ልክ መሆን ግን እራት አብሮሽ አይበላም፣ ሸዋ።»

ተቀይሜያት ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ከዚያ ራሴ ሄጄ አናገርኳት።

ብዙ ጊዜ የማስበው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መኪናዋ አንቺ ብትይዣትም መሰበሯ ላይቀር ይችላል። ምናልባትም በዓመቱ ሳይሆን በወሩ። ግን ያ ወር የአንቺ ይሆን ነበር። ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ፣ ስንዴው መሐል፣ ሻሽሽን ጭንሽ ላይ ጥለሽ። ተሰብራብሽ ብትመጪ «ብዬሽ ነበር» እልሽ ነበር፣ አንቺም ትስቂ ነበር፣ የሚጎዳን አልነበረም። እኔ ግን ከስብራት ላድንሽ ብዬ ደስታሽን አስቀረሁት። ይህን የት ላይ እንደማርመው አላውቅም።

ቮልሷ ግቢ ውስጥ ናት። ባትሪዋ እንዳይሞት የጁሀራ ወንድም ሳዲቅ በየሳምንቱ ያስነሳታል። ሰዎች ለቀብርም ለሆስፒታልም ይጠይቁኛል፤ «ባለቤቷ ስትፈቅድ» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ተቀይመውኛል። ወይዘሮ ሠርከአዲስ ሰምተው መጡ። እኔ ነኝ ቃል የገባሁት፣ ሩሀማ አይደለችም ብዬ ነገርኳቸው። «እኔስ መቼ ጠየቅኋት» አሉ። የሰጠሽኝ ውክልና አለ፤ መሸጥ እችላለሁ። አልሸጥኩም፣ ለማንም አልሰጠሁም። የአንቺ ናት። ሽጪ ካልሽ ይሸጣል፤ ትቁም ካልሽ ትቆማለች፤ ለሰፈሩ ትሁን ካልሽም ይሁን።

እንግዲህ ጥያቄሽ። ላድስ ወይስ ልምጣ፣ የቱ ይሻለኛል?

መልእክትሽን እንደሰማሁ ጭንቅላቴ በልማዱ ሥራ ጀመረ። የደመወዙን፣ የዕድሜሽን፣ የጤናሽን፣ እዚህ ልትሠሪ የምትችዪውን፣ ሁሉንም በየረድፉ አስቀመጥኩት። ውጤቱም ወጣ። ልክም ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አልጽፍልሽም። እንዳትነግርሽ ብዬ ለጁሀራም አልነገርኳትም፤ አፏን አውቃለሁ።

የቱ ይሻልሻል ለሚለው መልሴ «አላውቅም» ነው። ይህን ቃል ለተማሪ ብዬው አላውቅም። ለአንቺ ስለው ግን ውሸት አይደለም፤ የሚሻለውን ለማወቅ መጀመሪያ የምትፈልጊውን ማወቅ ነበረብኝ፣ እሱን ደግሞ እስካሁን አልጠየቅሁሽም። አሁን እጠይቅሻለሁ። ሩሀማ፣ ምን ትፈልጊያለሽ? ጊዜ ወስደሽ መልሺልኝ። ሞኝነት ቢመስልሽም ጻፊልኝ። እዚያ መቅረት ከሆነም ጻፊልኝ። ለምን ብዬ የምጠይቅሽ ልሰማሽ እንጂ ልከራከርሽ አይደለም። «እሺ እትዬ» ብቻ እንዳትዪኝ።

ጥያቄውን ወደ አንቺ ብቻ ጥዬው እንዳልሸሽ ደግሞ የእኔን ልንገርሽ። ምክር አይደለም፤ ከሌላው ጋር አትደምሪው። እንድትመጪልኝ እፈልጋለሁ። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

እህትሽ
ሸዋአለም
ጎባ